ከመኪና ማቆሚያው ወደ ምንጣፉ፦ በልጆች የጂምናስቲክ ክለብ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካሉት የጂምናስቲክ ክለቦች ወደ አንዱ ብቅ ብትሉ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ስልክ የሚያወራ ሐበሻ አታጡም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጄን በር ላይ አወርዳታለሁ፤ ኡበር ካልጠራኝ እዚያው እጠብቃለሁ፣ ከጠራኝ አድርሼ እመለሳለሁ። ክለቡ «የበጎ ፈቃድ ሰዓታችሁን ሙሉ» የሚል ኢሜይል ሲልክ፣ በሰዓቱ ፋንታ የሚከፈለውን ገንዘብ ከፍዬ እገላገል ነበር።

ከመኪናው ያስወጣኝ የአንዲት ነርስ ጥያቄ ነው። ልጄን ቁርጭምጭሚቷን ወለም ብሏት ድንገተኛ ክፍል ስንገባ ነርሷ «ምን ላይ ሆና ነው የወደቀችው? ማን ነበር አጠገቧ?» አለችኝ። «ከዚያ ከረጅሙ እንጨት ላይ» አልኩ። አጠገቧ ማን እንደነበረማ ከየት አውቄ! በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ልጄን የምሰጣቸውን ሰዎች፣ ቤንዚን የምቀዳበትን ሰውዬ ያህል እንኳ አላውቃቸውም ነበር።

ስለዚህ በጎ ፈቃድ ለእኔ ከሁሉ በፊት የልጄን ዙሪያ የማውቅበት መንገድ ነው፤ ክለቡን መርዳት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ወላጆች ነው፤ ሌላ ግዛት ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል። ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌያለሁ፣ ኢሜይሉ የሚመጣው በዚያ ስለሆነ።

1. የምትሠሩት ለማን እንደሆነ ለዩ

አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የጂምናስቲክ ክለብ የግል ንግድ ነው። ባለቤት አለው፣ ያተርፋል፣ ይከስራል። ከጎኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወላጆች ያቋቋሙት ቡስተር ክለብ የሚባል፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አለ። የዳኞች ክፍያ፣ የውድድር መመዝገቢያ፣ የአሠልጣኞች የጉዞ ወጪ በአብዛኛው በዚህ ማኅበር በኩል ነው የሚያልፈው። ሁለቱ አንድ ሕንፃ ውስጥ ስላሉ አንድ ይመስላሉ፤ በሕግ ግን የተለያዩ ናቸው።

ልዩነቱ ትርጉም አለው። በአሜሪካ የፌዴራል የሠራተኛ ሕግ ለትርፍ የቆመ የግል ድርጅት ሰውን «በጎ ፈቃደኛ» ብሎ በነፃ ማሠራት አይችልም። የክለቡን መጸዳጃ ቤት እንድታጸዱ ወይም የእንግዳ መቀበያው ላይ ስልክ እንድታነሱ ከተጠየቃችሁ፣ ያ የተቀጠረ ሰው ሥራ ነው። ቡስተሩ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ውጤት መመዝገብ፣ ምግብ መሸጥ፣ ምንጣፍ መሸከም ግን የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሰዓታችን የሚመዘገበው በክለቡ ነው በቡስተሩ? ቡስተሩስ 501 ሲ 3፣ ማለትም ከፌዴራል ግብር ነፃ የሆነ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው?» ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሥርዓት ያለው ማኅበር መልሱ ዝግጁ ነው።

ልጃችሁ የምትሠለጥነው በካውንቲው የመዝናኛ ክፍል ወይም በዋይኤምሲኤ ከሆነ ይህ ጣጣ የለም። የበጎ ፈቃደኛ ቅጹን ከእነሱው ውሰዱ።

2. ወረቀቱን ወቅቱ ሳይጀምር ጨርሱ

ልጆች አጠገብ ለሚሠራ አዋቂ ክለቦች ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ የወንጀል መዝገብ ማጣሪያና ሴፍ ስፖርት የሚባል፣ ልጆችን ከጥቃት ስለመጠበቅ የሚሰጥ ሥልጠና። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ «ውሃ ላድል ብዬ ይሄ ሁሉ?» ብሎ ይተወዋል። እኔም ብያለሁ። ምክንያቱን ሳውቅ ግን ዝም አልኩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ለዓመታት በሕክምና ስም ልጃገረዶችን ሲደፍር ኖሮ፣ በጃንዋሪ 2018 ከ40 እስከ 175 ዓመት እስር ተፈረደበት። አንዳንዶቹ ወላጆች እኮ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በቀጣዩ ወር የወጣው የፌዴራል ሕግ በስፖርት ማኅበራት ውስጥ ልጆችን የሚያገኙ አዋቂዎች በልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃት ሲጠረጥሩ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክቱ ያስገድዳል። ዴንቨር ያለው የአሜሪካ ሴፍ ስፖርት ማዕከል ሥራ የጀመረው ከሕጉ አንድ ዓመት ቀድሞ በ2017 ነው።

ሥልጠናው በኢንተርኔት ነው፤ ልጆቹ ሲተኙ ያልቃል። ማዕከሉ ለወላጆች ብቻ ያዘጋጀው ነፃ ትምህርትም አለ፤ በጎ ፈቃደኛ ባትሆኑም እሱን ተመልከቱት። ማጣሪያው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩን በቴክስት ወይም በወረቀት ለማንም አትስጡ፤ ክለቡ በሚልከው የማጣሪያ ድርጅቱ ገጽ ላይ ራሳችሁ ሙሉት።

ከሥልጠናው ውስጥ ለእኛ ባህል እንግዳ የሚሆነው ይህ ነው። አንድ አዋቂ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ብቻውን፣ ሌላ አዋቂ ሊያይና ሊያቋርጥ በማይችልበት ቦታ አይሆንም። ለልጅ ለብቻ ቴክስት አይላክም፤ ወላጅ መልእክቱ ውስጥ ይካተታል። የሌላ ሰው ልጅ ለብቻዋ ጭኖ መሄድም እንደ ድሮው አይደለም። እኛ ዘንድ «በመንገድህ ጣልልኝ» ማለት የጉርብትና ወግ ነው። የክለቡ በጎ ፈቃደኛ ከሆናችሁ በኋላ ግን ወይ ሌላ አዋቂ አብሮ ይኑር፣ ወይ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ስልክ ላይ «አዎ፣ አድርስልኝ» የሚል አንድ መስመርም ጽሑፍ ነው፤ እሱን አስቀምጡ።

3. የዓመቱን ፕሮግራም ከቤታችሁ ቀን መቁጠሪያ ጋር አጋጥሙ

የጂምናስቲክ ዓመት ኦገስት 1 ጀምሮ ጁላይ 31 ያልቃል። ክለባችሁ ቀኑን ቆርጦ ይልክላችኋል፤ ጠቅላላ አካሄዱ ግን ተቀራራቢ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ የብሔራዊ ጂምናስቲክ ቀን አለ። ብዙ ጊዜ የወሩ ሦስተኛ ቅዳሜ ነው፤ ይህም ማለት በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ይወድቃል። ክለቦች በራቸውን ለሰፈሩ ይከፍታሉ፣ ልጆች ይገለባበጣሉ፣ እንግዳ ይስተናገዳል። ለጀማሪ በጎ ፈቃደኛ ከዚህ የቀለለ ቀን የለም፤ ሥራው በር ላይ ቆሞ ጫማ ማስወለቅና ፈገግ ማለት ነው።

ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ክለቡ ለራሱ ልጆች የሙከራ ውድድር ያደርጋል። ይህን አታሳልፉት። ውጤቱ የትም ስለማይመዘገብ ስሕተት አያሳፍርም፤ የውጤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣችሁ ሥራውን ትማራላችሁ። ዲሴምበር የልጆቹ የበዓል ትርኢት ነው፤ መብራትና ሙዚቃ ይፈልጋል፣ ሌላ ብዙ የለውም።

ዋናው ነገር ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ነው። ክለቦች ሌሎች ክለቦችን ጋብዘው ትልቅ ውድድር የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ወራት ሲሆን፣ የማርቲን ሉተር ኪንግና የፕሬዚዳንቶች ቀን ያሉባቸው ረጅም ቅዳሜና እሑዶች ይመረጣሉ። አንዳንድ ዓመት የኪንግ በዓል ከጥምቀት ጋር ይገጥማል። ከተራ ላይ ለመገኘት ያሰባችሁ በዲሴምበር ለበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪዋ ንገሯት፤ በውድድሩ ዋዜማ «ታቦት ይወጣል» ብትሏት አይገባትም፣ ቢገባትም የሚተካ ሰው አታገኝም።

ማርችና ኤፕሪል የግዛት ውድድር ነው። ከፍ ያሉት ልጆች ከዚያ ወደ ክልል ያልፋሉ፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ከፔንሲልቬንያ፣ ከዴላዌርና ከዌስት ቨርጂኒያ ጋር በ7ኛው ክልል ውስጥ ናቸው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ለሠራተኞች የሚቀርበው ምሳ ፒዛ ከነአይቡ ነው፣ ሽሯችሁን በዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ሜይና ጁን የወቅቱ መዝጊያ ግብዣና የቡድን ምርጫ አለ፤ በጋውን ካምፕ።

4. የሚስማማችሁን ሥራ ምረጡ

እንግሊዝኛ የማይጠይቀው ሥራ ብዙ ነው፤ ግን ማንም አይነግራችሁም። ሐሙስ ወይም ዓርብ ማታ ዕቃ መትከል ጉልበት ብቻ ነው። ለእኔ ቢጤ ሾፌር ደግሞ ጥሩ ነው፤ የቅዳሜ ጠዋት ገበያ አያመልጥም። ቢሙ፣ ማለትም ያ «ረጅም እንጨት» ያልኩት፣ 5 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከመሬት 1 ሜትር ከ25 ይቆማል። ብቻችሁን አትንኩት፤ አሠልጣኝ «ያዙ» ሲል ነው የሚያዘው። የፍሎር፣ ማለትም የመሬት ላይ እንቅስቃሴው ምንጣፍ 12 በ12 ሜትር ሲሆን ከሥሩ ስፕሪንግ አለው። ዕቃ ስታነሱ ጣት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ፣ ምንጣፉ ላይ ስትወጡ ደግሞ አውልቁ። ይህን ስትረሱ የምትጮህባችሁ ሴትዮ በየክለቡ አለች።

ምግብ መሸጥ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳምቡሳ ጠብሳችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ብዙ ካውንቲ ለሽያጭ የሚቀርብ ምግብ ላይ የጤና ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቤት የተሠራ ነገር አይሸጥም ሊባል ይችላል። ለዳኞችና ለአሠልጣኞች መስተንግዶ የሚቀርበው ደንቡ ላላ ያለ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ቢሆን ጠይቃችሁ። ምን እንዳለበት ወረቀት ላይ ጻፉ። ኦቾሎኒ ሁሉም ያውቃል፤ ሰሊጥ ግን ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በአሜሪካ የታሸገ ምግብ ላይ ግዴታ ከሚጻፉት ዘጠኝ ዋና አለርጂዎች አንዱ ነው፣ እኛም ዳቦው ላይ እንበትነዋለን።

ሦስተኛውን ሥራ የፈጠሩት አንዲት አያት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊያመጡ ይመጣሉ፣ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን «እማማ፣ ለውድድሩ ለምን አይረዱንም?» አልኳቸው።

«እኔ እንግሊዝኛ አልችል፣ ምን ልረዳ ብለህ ነው ልጄ?»

«ሹሩባ ይችላሉ?»

ሳቁብኝ። «ሹሩባማ ስንት ሙሽራ ሠርቻለሁ!»

ጂምናስቲክ ላይ ፀጉር ፊት ላይ መውደቅ የለበትም። በውድድር ጠዋት እናቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ በጄልና በፀጉር መርፌ ሲታገሉ ታያላችሁ። ስለዚህ አዳራሹ በር አጠገብ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ አንድ ወንበር አስቀመጥንላቸው፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አይደለም። እያንዳንዷ ልጅ የራሷን ማበጠሪያ ይዛ መጣች፣ ወላጆች በኢሜይል ፈቀዱ። እማማ መጀመሪያ ጉንጉኑን አናት ላይ ሊያደርጉ ነበር፤ አሠልጣኟ መጥታ ወደፊት ስትገለባበጥ እንደሚወጋት በእጅ ምልክት አሳየቻቸው፤ ገባቸውና ወደ ማጅራት አወረዱት። ዶቃና የብረት ክሊፕ የለም። አንዲት ቀይ ፀጉሯ ልስልስ ያለ ልጅ ላይ ሹሩባው እየሾለከ አስቸገራቸው፤ ጣታቸውን ውሃ እየነከሩ ሦስት ጊዜ ደገሙት። አሥር ልጅ ሠሩ። ልጆቹ አሁን ስማቸው «እማማ» ብቻ ይመስላቸዋል።

እማማ ግን በሰዓት ምክንያት ሊቀሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እኔ «6:30 ይምጡ» ብያቸዋለሁ፤ እሳቸው በእኛ ሰዓት ቆጥረው ከቀትር በኋላ ሊመጡ ተዘጋጅተዋል። ማታውኑ ልጃቸው ባታርመው ልጆቹ ተወዳድረው ጨርሰው ነበር የሚደርሱት። ለአዛውንት ስትናገሩ «ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል» በሏቸው።

5. ቶሎ ተመዝገቡ፣ «እሺ» ካላችሁ ኑ

ምዝገባው ብዙ ጊዜ በሳይን አፕ ጂኒየስ ነው። ሊንኩ በተላከ ሰዓት ውስጥ ቀላሎቹ ቦታዎች ያልቃሉ፤ የቀረው እሑድ ማታ ምንጣፍ መጠቅለል ይሆናል። ስትመርጡ የልጃችሁን የመወዳደሪያ ክፍለ ጊዜ አይታችሁ ከሱ ውጭ ያዙ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ልጄ ቢም ላይ ስትወጣ ውሃ ስሸጥ ነበር።

የሚስማማ ቦታ ካጣችሁ ለአስተባባሪዋ በአጭሩ ጻፉላት፦ ስሜ እከሌ ነው፣ የእከሊት አባት ነኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ፣ ሐሙስ ማታ ወይም እሑድ ከሰዓት እችላለሁ፣ ከባድ ዕቃ አነሣለሁ። ይበቃል። የልጅነት ታሪክና የሥራ ጫና ዝርዝር አያስፈልግም።

ይሉኝታችንን እዚህ ላይ እንግታው። ፊት ለፊት «እሺ» ብሎ ኋላ መቅረት እኛ ዘንድ እምቢ የማለት ጨዋ መንገድ ነው። እዚህ ግን እሺ ማለት ውል ነው፤ ስማችሁ ሰንጠረዡ ላይ ሰፍሯል፣ ውጤት የሚያነሣ ሰው ከሌለ ውድድሩ ይቆማል። ካልቻላችሁ ገና ስትጠየቁ አልችልም በሉ፣ ማንም አይቀየምም።

6. ውጤት ጠረጴዛው ላይ

አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ስትፈልጉ ይህን ጠይቁ። ሥራው ቀላል ነው፣ ግን ውድድሩን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ወንበር የለም።

ሴት ልጆች አራት መሣሪያ ላይ ይወዳደራሉ፦ ቮልት (ተንደርድሮ መዝለያው)፣ ባር (ሁለቱ አግዳሚ ዘንጎች)፣ ቢምና ፍሎር። ወንዶች ስድስት አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ቡድኖች አራቱ መሣሪያዎች ላይ በአንድ ጊዜ ይጀምሩና ቦታ ይቀያየራሉ፤ ለዚህ ነው ከመቀመጫው ላይ ግርግር የሚመስለው። የልማት ፕሮግራም የሚባለው ከ1 እስከ 10 ደረጃ አለው፤ እስከ 5 ሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት የተወሰነ እንቅስቃሴ ነው የሚሠሩት፣ ከ6 ጀምሮ እንቅስቃሴው እንደ ልጅቷ ይዘጋጃል። ኤክስሴል የሚባለው ሌላው መስመር በነሐስ፣ በብር፣ በወርቅ እያለ ይወጣል። በታችኞቹ ደረጃዎች ነጥቡ ከ10 ይጀምርና ስሕተት በተገኘ ቁጥር ይቀነሳል። ከቢም መውደቅ 5 ዐሥረኛ ያስቀንሳል። አንዴ ይህን ካወቃችሁ ልጃችሁ 8.9 አምጥታ ስታለቅስ ምን እንደምትሏት ታውቃላችሁ።

ሰዓት ያዥ ከሆናችሁ ቢም ላይ ሰዓቱን የምትጀምሩት የልጅቷ እግር መወጣጫውን ሲለቅ ነው፤ የምታቆሙት ወርዳ ምንጣፍ ስትነካ። ጊዜው ሊያልቅ ሲል ማስጠንቀቂያውን ጮክ ብላችሁ ትናገራላችሁ፤ በሹክሹክታ ከሆነ አትሰማም፣ የሚቀነሰውም ከሷ ነው። የሚፈቀደው ጊዜ በደረጃ ስለሚለያይ ቁጥሩን ከዋና ዳኛዋ ተቀብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ውጤት አንሺ ከሆናችሁ ዳኞቹ ተስማምተው ወረቀቱን ይሰጧችኋል፤ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ገልብጣችሁ ወደ ዳኞች፣ ወደ ልጅቷና ወደ ሕዝቡ ታዞራላችሁ። አሁን አሁን በታብሌት የሚሠሩ አሉ፣ የሰሌዳውም ግን አልጠፋም። ዋና ዳኛዋ ራሷን ሳትነቀንቅ አታንሡ። ከማንሣታችሁም በፊት ሰሌዳውን አዙራችሁ ከፊት እዩት። እኔ ይህን አላደረግሁም። በመጀመሪያው ቀኔ 8.65 የሚለውን ስገለብጥ ከ6ቱ አልፌ 9ኙ ላይ ቆምኩና 8.95 አድርጌ ከፍ አደረግሁት። ከጀርባዬ አንዲት እናት እልል ለማለት ትንሽ ቀራት፣ ዘላ ተነሣች። ዳኛዋ በእርሳሷ ጠረጴዛውን ስትመታ ዞር አልኩ። ማውረድና ማስተካከል ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም፤ የዚያችን እናት ፊት ግን ዞሬ ማየት አልቻልኩም። በእረፍት ጊዜ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋት።

7. ምንጣፉ ላይ የማይደረጉ

ፍላሽ ያለው ፎቶ አታንሡ፤ ቢም ላይ ያለች ልጅ ዓይኗ ላይ ብርሃን ሲበራ አደጋ ነው። የቮልት መንደርደሪያውን ሳታዩ አታቋርጡ። በዳኛ ፊት አትለፉ፣ ስለ ውጤት አታናግሯቸው፤ ቅሬታ ካለ የሚያቀርበው አሠልጣኝ ብቻ ነው። የሌሎችን ልጆች ፎቶ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ወደ መወዳደሪያው አትግቡ፤ እኛ ሦስት የሐበሻ ቤተሰብ ሆነን በተራ ልጅ እንጠባበቃለን፣ ችግሩ በዚሁ ተቃለለ።

ከመቀመጫ ላይ ማሠልጠንም ይቅር። «ጉልበትሽን ዘርጊ!» የሚሉ አባቶች አሉ፣ በአማርኛ ስለሚሉት ሌላ የሚሰማቸው የለም ይመስላቸዋል። ልጅቷ ግን ትሰማለች፣ ዓይኗም ከቢሙ ይነሣል። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደችው ዶሚኒክ ዶውስ በስድስት ዓመቷ ጀምራ እስከ ኦሎምፒክ ድረስ ያሠለጠነቻት አንዲት ሴት ናት፣ ኬሊ ሂል። በ1996 አትላንታ ላይ በቡድን ወርቅ፣ በፍሎር ደግሞ ለብቻዋ ነሐስ አገኘች፤ በግል የኦሎምፒክ የጂምናስቲክ ሜዳሊያ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ናት። አንድ ድምፅ ነበር የምትሰማው።

8. የገንዘቡን ነገር

ብዙ ክለቦች በወቅቱ መጀመሪያ ተቀማጭ ይወስዳሉ፣ ሰዓታችሁን ስትሞሉ ይመልሳሉ። መቼና እንዴት እንደሚመለስ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

የበለጠ የሚያሳስበው ግን «ይህን ያህል ከሸጣችሁ ከልጃችሁ ክፍያ ይቀነስላችኋል» የሚለው አሠራር ነው። ደግ ነገር ይመስላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ካፒታል ጂምናስቲክስ ቡስተር ክለብ የሚባል ማኅበር እንዲሁ ነበር የሚሠራው፤ ገንዘብ ያሰባሰበ ቤተሰብ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ የራሱን ክፍያ ይቀንሳል፣ ያላሰባሰበ ሙሉውን ይከፍላል። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ይህ ለሁሉም ልጆች ሳይሆን ለግል ጥቅም ነው ብሎ ከግብር ነፃነቱን ሰረዘበት፣ የታክስ ፍርድ ቤቱም በ2013 ስረዛውን አጸናው። ስለዚህ የእናንተ ቡስተር ሰብሳቢ ለየቤተሰቡ የሚቆጠር ሒሳብ ካሳየቻችሁ ይህን ጉዳይ በትሕትና አንሡላት። ቦርዱ ውስጥ የሚገባ ሐበሻ ሒሳብ ሠራተኛ ቢገኝ ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነበር፤ ማታ ማታ ታክስ የሚሠራ ስንት ሰው አለን።

በግብር በኩል ጉልበታችሁና ጊዜያችሁ አይቀነስም። ለ501 ሲ 3 ማኅበር ሥራ የነዳችሁት መንገድ በማይል 14 ሳንቲም ሊቀነስ ይችላል። ልጅ ወደ ልምምድ ማድረስ አይቆጠርም።

9. ነቀላውና ፊርማው

እሑድ ማታ፣ የመጨረሻው ሜዳሊያ ተሰጥቶ ሕዝቡ ሲወጣ፣ አዳራሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶ መሆን አለበት። የሃምሳ ሎሚ ነገር ነው፤ ሃያ ሰው ከቀረ በአርባ ደቂቃ ያልቃል፣ አምስት ሰው ከቀረ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ምንጣፉ በአራት ሰው ይጠቀለላል፣ ከጉልበት ነው የሚነሣው። እጅና ሱሪ ላይ የቀረው ነጭ ዱቄት ማግኒዚየም ካርቦኔት ነው፤ ልጆቹ እጃቸው እንዳይንሸራተት የሚቀቡት። በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል፣ የመኪና ወንበር ላይ ካረፈ ግን ትሰነብታላችሁ።

ሃይስኩል ያለ ልጅ ካላችሁ ይዛችሁት ኑ። ሜሪላንድ ለመመረቅ 75 ሰዓት የአገልግሎት ትምህርት ትጠይቃለች፣ ዲሲ 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሥራው ለትርፍ ላልቆመ ማኅበር ከሆነ ነውና በቁጥር 1 ላይ ያነሣነው ጥያቄ እዚህም ይመለሳል፤ ትምህርት ቤቱ ይቀበለው እንደሆነ አስቀድሞ ከአማካሪው ጋር ይነጋገር።

የሰዓት ማስፈረሚያ ቅጹን አትሙና ከሐሙስ ጀምሮ መኪና ውስጥ ይኑር። ፊርማውን ነቀላው ከማለቁ በፊት አስፈርሙ፤ አስተባባሪዋ ሦስት ቀን አልተኛችም፣ የመጨረሻው ምንጣፍ መኪና ላይ ሲወጣ እሷም ትጠፋለች፣ ለኢሜይል መልስ የምትሰጠው ሐሙስ ነው።